የዳኛ ሥልጣንና የመምህር መዝገብ
ስለ አእምሮ ዕድገት ውስንነትና ስለ ኦቲዝም በመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር




ያገራችን ሰው «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል። ይህ ተረት ፍርድ ከንግግር ጋር ምን ያህል የተሳሰረ መሆኑን በአጭሩ ያስረዳል። በጥንቱ ሙግት ባለጉዳዮች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ ነገራቸውን በምሳሌ እያዋዙ ሲሟገቱ፥ አንደበቱ የቀናው የረታበት፥ አንደበቱ የተሳሰረው ደግሞ እውነት ይዞ ሳለ የተረታበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በዛሬው ችሎትም ቢሆን ሥርዐቱ ተለወጠ እንጂ መሠረቱ አልተለወጠም። ለተከሳሹ ክሱ ይነበብለታል፤ ገባህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥፋቱን ማመኑን ወይም መካዱን ይናገራል፤ ከጠበቃው ጋር ይመካከራል፤ የምስክሩንም ቃል ሰምቶ ይህ እውነት ነው፥ ይህ ሐሰት ነው ይላል። ይህ ሁሉ ሥርዐት የተጠየቀውን የሚያስተውል፥ የሚሰጠውም መልስ ምን እንደሚያስከትልበት የሚገምት አእምሮ በተከሳሹ ዘንድ መኖሩን አስቀድሞ የተቀበለ ነው።

እንግዲህ ዳኛ ተገኝቶ ሳለ መናገር ለማይሆንለት፥ ቢናገርም የሚናገረው በራሱ ላይ ለሚመለስበት ሰው ነገሩ እንዴት ይሆናል? ዳኛው በእንዲህ ያለው ተከሳሽ ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ጥያቄ የሕግ ሊቃውንት ጥያቄ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ነገሩ በተመረመረ ቍጥር፥ ከዳኛው ወንበር ተነሥቶ የሚሄደው መንገድ መጨረሻው የመማሪያ ክፍል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በመምህራን ፊት ሊነገር የሚገባው ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። በብዙ ሰው ዘንድ እብደት፥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም አንድ ነገር መስለው ይታያሉ። እብደት የሚባለው በአብዛኛው በደኅና አእምሮ ላይ ከጊዜ በኋላ የሚመጣ፥ ብዙ ጊዜም በሕክምና የሚሻል ሕመም ነው። ቀድሞ ሰው ዘገምተኛ ወይም ጅል እያለ በንቀት ይጠራው የነበረው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ግን ሕመም አይደለም። ሊቃውንት ይህ ሁኔታ አለ የሚሉት ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው። አንደኛው፥ የማሰብና የመማር ችሎታ ከእኩዮች ችሎታ እጅግ ዝቅ ማለቱ ነው። ሁለተኛው፥ በዕለት ኑሮ ማለት ገንዘብ በመቍጠር፥ ጊዜን በማወቅ፥ ራስን ከአታላይ በመጠበቅ ረገድ ጉድለቱ በግልጽ መታየቱ ነው። ሦስተኛው፥ ይህ ሁሉ ሰውየው ካደገ በኋላ የመጣ ሳይሆን በልጅነቱ የታየ መሆኑ ነው። ይህን ሦስተኛውን ነገር አድማጭ ልብ ይበለው፤ ኋላ ትልቅ ነገር ይሆናልና።

ኦቲዝም ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ሲሆን፥ ሰውየው የሌላውን ሰው ፊትና የድምፅ ቃና አይቶ ሐሳቡን ለመረዳት ይቸገራል፤ የለመደው ሥርዐት ሲፈርስበት ይታወካል፤ ድምፅ፥ ብርሃን ወይም የሰው እጅ ሲነካው ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብደዋል። ከእነዚህ መካከል ፈጽሞ የማይናገር አለ፤ በሒሳብና በቋንቋ ከእኩዮቹ የሚበልጥም አለ። ስለዚህ ዐዋቂ መምሰሉ ችግር የሌለበት መሆኑን አያስረዳም፤ አለመናገሩም የማያውቅ መሆኑን አያስረዳም።

የፍርድ ቤትን ሥልጣን በሥራ ላይ ለማየት ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ቨርጂኒያ መልካም ምሳሌ ናት። ምክንያቱም ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ፍርድ ቤት በዚህ ነገር ሊሳሳት የሚችለውን ከባድ ስሕተትና ኋላም ሊያደርገው የሚችለውን እርማት በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በዚችው ግዛት ማየት ይቻላል። ሁለተኛም፥ በሰሜን ቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ፥ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን መሥርተው ልጆቻቸውን ያስተምራሉና፥ የዚያ አገር ሕግ የእኛንም ወገኖች ይነካል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1924 ቨርጂኒያ አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች ልጅ እንዳይወልዱ በቀዶ ሕክምና እንዲመከኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉ ይጸና እንደ ሆነ ለመፈተን የተመረጠችው ኬሪ ባክ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። እናቷ ደካማ አእምሮ ናት ተባለች፤ እርሷም እንደ እናቷ ናት ተባለች፤ ገና ወራት ብቻ ያስቈጠረችው ሕፃን ልጅዋም ሳትቀር እንደ እነርሱ ናት ተባለች። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስምንት ድምፅ ባንድ ላይ ሕጉን አጸናው፤ ኬሪ ባክም በዚያው ዓመት መከነች። ኋላ ነገሩ ሲመረመር፥ ኬሪ በትምህርት ቤት ሳለች በደኅና ሁኔታ ከክፍል ወደ ክፍል ትዛወር የነበረች መሆኗ ታወቀ። ያቺም በሕፃንነቷ የተፈረደባት ልጅዋ፥ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ በ1931 ስሟ በክብር መዝገብ ላይ የተጻፈ ተማሪ ሆና ተገኘች። በዚያ ሕግ መሠረት በቨርጂኒያ ከ7,000 በላይ ሰዎች መክነዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፥ አንድን ሰው «ደካማ አእምሮ» ብሎ መሰየም እንደ መድኀኒት ሁሉ እንደ መርዝም ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ የመምህራን መዝገብ እውነቱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፥ አንብቦ በዳኞች ፊት የሚያቀርበው ሰው በመጥፋቱ ሐሰት እንደ ነገሠ ነው።

ከዚህ በኋላ በዚያችው ግዛት የሆነው ነገር ይበልጥ ያስደነግጣል። በ1982 ኵልፔፐር በምትባል ከተማ አንዲት ወጣት እናት በቤቷ ተደፍራ ተገደለች። በሚከተለው ዓመት ኧርል ዋሽንግተን የተባለ የእርሻ ሠራተኛ በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ ፖሊሶች ስለዚህ ግድያ ጠየቁት። የዚህ ሰው የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ነጥብ 69 ያህል ነበር፤ የብዙው ሰው ነጥብ በ100 አካባቢ እንደሚገኝ ልብ ይሏል። ሰውየው ጭንቀት ሲይዘው ለባለሥልጣን ሁሉ «አዎን» ብሎ መገላገል ልማዱ ነበር። ገደልሃት ወይ ሲሉት አዎን አለ። ሌሎችም ወንጀሎች ሲጠየቅ አዎን አለ። ሴትዮዋ ጥቁር ናት ወይስ ነጭ ሲሉት ጥቁር ናት አለ፤ ነገር ግን ነጭ ነበረች። አንድ ሁለት ጊዜ ወጋኋት አለ፤ በሰውነቷ ላይ የተገኘው ቍስል ግን 38 ነበር። እንዲህ ያለው የእምነት ቃል ተጽፎ ቀረበበት፤ በ1984ም ሞት ተፈረደበት። በ1985 ሞቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጠበቆች ደርሰው አገዱለት። በ1993 የተደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ጥርጣሬን ቢያስነሣ፥ በ1994 የግዛቲቱ ገዥ የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠለት። በ2000 ሌላ የበለጠ ምርመራ ተደርጎ ሙሉ ይቅርታ ተሰጠው፤ በ2001ም ከ17 ዓመት በላይ ታስሮ ወጣ። እውነተኛው ጥፋተኛ በ2007 ጥፋቱን አምኗል።

በዚህ ነገር ዳኞቹ ሕግ አላፈረሱም ሊባል ይችላል፤ የቀረበላቸው ሰውየው አመነ የሚል ጽሑፍ ነውና። ያልቀረበላቸው ነገር «አዎን» የሚለው ቃል በዚህ ሰው አንደበት ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። ይህን ሊያስረዱ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች መካከል በልጅነቱ ያስተማሩት መምህራን ይገኛሉ።

በ2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚችው ቨርጂኒያ በመጣ በሌላ ሰው ጉዳይ፥ ማለት በዳርል አትኪንስ ጉዳይ፥ በስድስት ድምፅ በሦስት ላይ አንድ ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ የጭካኔ ቅጣት ነው አለ። ምክንያቱንም ሲያብራራ፥ እንዲህ ያለው ሰው ጥፋት ቢሠራ እንኳ የጥፋቱ ክብደት እንደ ሙሉ ዐዋቂ ሊቈጠር አይገባም፤ ከዚህም በላይ ያልሠራውን ሠራሁ ሊል ይችላል፤ ጠበቃውን በሚገባ መርዳት አይችልም፤ ለራሱም መልካም ምስክር አይሆንም፤ በችሎት ፊት አቀማመጡና የፊቱ ሁኔታ ጸጸት የሌለው አስመስሎ ሊያሳየው ይችላል ብሏል። ይህ ውሳኔ የተሰጠው የቨርጂኒያ ገዥ ስለ ማምከኑ ሕግ በይፋ በተጸጸተበት በዚያው ዓመት ነው። ሞትም ራሱ ከቨርጂኒያ የቅጣት መጽሐፍ በ2021 ተሠርዟል።

ዳሩ ግን ሥልጣንን መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ተከሳሹ በእውነት ይህ ውስንነት ያለበት መሆኑን ዳኛ በምን ያውቃል? ሰውየው ዐርባ ዓመት ሲሞላው፥ ሞት ሲጠብቀው የሚደረገውን ፈተና ብቻ ቢያይ፥ ዐቃቤ ሕጉ «ለማምለጥ ብሎ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ያ ቀደም ብሎ የተነገረው ሦስተኛው ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ሁኔታው በልጅነት የታየ መሆን አለበት የሚለው ነው። የልጅነትም ምስክር በአብዛኛው ትምህርት ቤት ነው።

በ2014 ፍሬዲ ሊ ሆል የተባለ የፍሎሪዳ ሰው ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ግዛቲቱ ነጥቡ ከ70 ከበለጠ ሌላ ማስረጃ አይሰማም ትል ነበርና፥ የሰውየው ነጥብ 71 በመሆኑ በሩ ተዘጋበት። ፍርድ ቤቱ ግን ፈተና ሁሉ ከፍና ዝቅ የሚል የስሕተት ወሰን አለው፤ ሰው በአንድ ቍጥር ብቻ አይለካም ሲል ይህን ሥርዐት አፈረሰው። በፍርዱ ውስጥ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ፥ ሰውየው ልጅ ሳለ መምህራኑ አእምሮው ያልዳበረ መሆኑን ደጋግመው በመዝገብ ማስፈራቸው ነበር። እነዚያ መምህራን ያን ቃል ሲጽፉ፥ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ጽሑፋቸው በአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ፊት እንደሚነበብ አላሰቡም።

በ2017ም የቴክሳስ ሰው የሆነው የቦቢ ሙር ጉዳይ ታየ። ሙር በ13 ዓመቱ የሳምንቱን ቀኖችና የዓመቱን ወራት በሚገባ አያውቅም ነበር። ማንበብና መጻፍ ስላቃተው ከክፍሉ ልጆች እየተነጠለ ሥዕል ሣል ይባል እንደ ነበር በፍርዱ ላይ ተጽፏል። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ልጁን በማእዘን አስቀምጦ ሥዕል ሣል ማለት ጭካኔ አይመስልም፤ እንዲያውም ትዕግሥት ይመስላል። ነገር ግን ያ ልጅ በክፍሉ ውስጥ የሌለ ያህል ተቈጠረ ማለት ነው። በ2019 ፍርድ ቤቱ ይህ ሰው በእርግጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት መሆኑን አረጋገጠ።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሞት ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት የሚቀርበው አብዛኛው ነገር ከዚህ ያነሰ ነው፤ የጠብ፥ የመጋፋት፥ የፖሊስን ትእዛዝ ያለመቀበል፥ የጥቃቅን ስርቆት ነገር ነው። በ2010 በቨርጂኒያ በስታፎርድ ወረዳ ኔሊ ላትሰን የተባለ ኦቲዝም ያለበት የ18 ዓመት ወጣት ቤተ መጻሕፍት እስኪከፈት በደጅ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አጠራጣሪ ሰው አለ፥ መሣሪያም ሳይዝ አይቀርም የሚል ወሬ ለፖሊስ ደረሰ። መሣሪያ አልነበረውም። ወጣቱ ሲጠየቅ ለመሄድ ተነሣ፤ ፖሊሱ ያዘው፤ ትግል ሆነ፤ ፖሊሱም ክፉኛ ተጎዳ። ላትሰን ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ፤ እዚያም ብዙ ጊዜ ለብቻው በተዘጋ ክፍል ተቀመጠ፤ ይህም የነበረበትን ጭንቀት አባሰው። በ2015 በክትትል ሥር ሆኖ እንዲኖር በቅድመ ሁኔታ፥ በ2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቅርታ ተደረገለት። ነገሩን ሲያስቡት፥ የተጎዳው ፖሊስም ሰው ነው፤ የታሰረውም ወጣት ሰው ነው፤ ሁለቱንም ያገናኛቸው አለመተዋወቅ ነበር።

ይህን የመሰለው ነገር በተደጋገመ ጊዜ የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች በ2020 ለዳኞች አዲስ ሥልጣን ሰጡ። የሕጉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ተከሳሹ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት መሆኑን የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ሊቅ ሲያረጋግጥ፥ ጥፋቱም ከዚህ ሁኔታ የመጣ ወይም ከሁኔታው ጋር ቀጥተኛና ጽኑ ግንኙነት ያለው መሆኑ በግልጽና በሚያሳምን ማስረጃ ሲታወቅ፥ ዳኛው ጥፋተኛ ነህ የሚለውን ፍርድ ሳይሰጥ ነገሩን ሊያቆየው ይችላል። ለዚህም ተከሳሹ መስማማት አለበት፤ ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚል ይሰማል፤ የተበደለውም ሰው ሐሳብ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ ዳኛው ባዘዘው ሥርዐት መሠረት በጥበቃ ሥር ሆኖ ይቈያል። የታዘዘውን የፈጸመ እንደ ሆነ ዳኛው ክሱን ሊዘጋው ይችላል፤ ያፈረሰ እንደ ሆነ ግን ሊፈረድበት ይችላል። ሕጉ ለከባድ ነፍስ ግድያና ሕግ የኀይል ወንጀል ብሎ ለዘረዘራቸው ጥፋቶች አይሠራም። ደግሞም «ይችላል» የሚል እንጂ «ይገደዳል» የሚል አይደለም። በ2021 ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ በዚህም ተከሳሽ ጥፋቱን በሠራ ጊዜ በሕግ የተወሰነው የጥፋት ሐሳብ እንዳልነበረው ለማስረዳት የአእምሮውን ሁኔታ በማስረጃነት ለማቅረብ ተፈቀደለት። ከዚያ በፊት እብድ ነኝ ካላለ በቀር ይህን የመሰለ ማስረጃ በቨርጂኒያ ችሎት አይሰማለትም ነበር።

ማንም ሰው ግን ይህ ሁሉ ርኅራኄ ነውና አደጋ የለበትም እንዳይል፥ የቴዎን ጃክሰን ታሪክ ያስጠነቅቃል። ይህ ሰው በኢንዲያና ግዛት የሚኖር፥ መስማትና መናገር የማይችል፥ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፥ አእምሮውም እንደ ትንሽ ሕፃን የሆነ ነበር። የተከሰሰው ከሁለት ሴቶች በጠቅላላው ዘጠኝ ዶላር ያህል ዋጋ ያለው ነገር ነጥቋል ተብሎ ነው። ሐኪሞች ፍርዱን ሊከታተል አይችልም ሲሉ፥ ዳኛው እስኪድን ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ይቀመጥ አለ። ይሁን እንጂ ሁኔታው የሚድን በሽታ አልነበረምና፥ «እስኪድን» ማለት «እስኪሞት» ማለት ሆነ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ፤ ሰው ለፍርድ መቅረብ ስላልቻለ ብቻ ያለ ወሰን ሊታሰር አይገባም፤ ወደፊትም የማይችል ከሆነ በሌላው ሕግ እንደ ማንኛውም ሰው ይታይ፥ አለዚያ ይለቀቅ ሲል ወሰነ። እንግዲህ የዳኛ ሥልጣን በሁለት በኩል ልጓም ያስፈልገዋል፤ በቅጣት በኩልም፥ በጥበቃም ስም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ ሆኖ አይገኝም። በ1949 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ እርሱን የተካው የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግም ኀላፊነትን ከማስተዋል ጋር አስተሳስረውታል። በአሁኑ ሕግ በአንቀጽ 48 መሠረት፥ ሰው ጥፋቱን በሠራ ጊዜ በዕድሜ፥ በሕመም፥ በዕድገት መዘግየት ወይም ይህን በመሰለ ምክንያት የሥራውን ጠባይና ውጤት ለማወቅ ወይም ራሱን ለመግታት ፈጽሞ ያልቻለ እንደ ሆነ በወንጀል አይጠየቅም። በከፊል ብቻ የጎደለበት እንደ ሆነ ደግሞ አንቀጽ 49 ከፊል ኀላፊ ያደርገዋል። በአንቀጽ 51 ደግሞ፥ ጥርጣሬ ሲኖር ዳኛው የዐዋቂ ምስክርነት እንዲቀርብለት ያዛል፤ የተከሳሹንም ጠባይ፥ ያለፈ ታሪኩንና የኑሮውን ሁኔታ ለማስመርመር ይችላል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አጽድቃለች፤ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 13 አካል ጉዳተኞች በፍርድ ሥርዐት ውስጥ ተገቢው መመቻቸት እንዲደረግላቸውና ፖሊሶችም፥ የወህኒ ሠራተኞችም ለዚህ እንዲሠለጥኑ ያዝዛል።

ዳኛው ስለ ተከሳሹ ያለፈ ታሪክ እንዲመረመር ባዘዘ ጊዜ እንግዲህ ማን ይጠየቃል? ቤተ ሰቡ ይጠየቃል፤ ነገር ግን የወላጅ ቃል «ለልጁ አድልቶ ነው» ይባላል። ሐኪም ይጠየቃል፤ ሐኪሙ ግን ሰውየውን ያየው ከተከሰሰ ወዲህ ነው። በአገራችን ደግሞ በዚህ ነገር የተማረው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ለኦቲዝም ልጆች ጆይ የተባለው ማእከል በአዲስ አበባ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው በ2002 ነው፤ በገጠር የሚኖር ልጅማ ስለ ሁኔታው ስም እንኳ ሳይሰጠው ያድጋል። ልጁን ከክሱ በፊት፥ ለማንም ሳያዳላ፥ በየቀኑ ከእኩዮቹ መካከል ያየው ሰው መምህሩ ነው። ሐኪም በሌለበት አገር የመምህር መዝገብ ሚዛኑ ይከብዳል።

ስለዚህ ለመምህራን አራት ሥራዎች ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው፥ ያዩትን እንዳዩት መጻፍ ነው። በየተማሪው የውጤት ካርድ ላይ «ሰነፍ ነው»፥ «አይረባም»፥ «ይባልጋል» የሚሉ ቃላት ሲጻፉ ኖረዋል። እነዚህ ቃላት ፍርድ እንጂ ምስክርነት አይደሉም። «በአራተኛ ክፍል ሳለ የወራቱን ስም በተራ ሊቈጥር አልቻለም»፤ «ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል»፤ «የተጠየቀውን ቃል ደግሞ ይናገራል እንጂ አይመልስም» ብሎ ከነቀኑ መጻፍ ግን ምስክርነት ነው። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ በችሎት ቢነበብ ልጁን ያስቀጣዋል፤ ያየነው ነገር በዝርዝር ቢነበብ ግን ዳኛውን ያስተምረዋል።

ሁለተኛው፥ ከማያውቁት ነገር መቈጠብ ነው። የኬሪ ባክ ታሪክ እንዳሳየው፥ በችኰላ የተሰጠ ስም ሕይወት ያበላሻል። መምህር ያየውን ይጽፋል እንጂ የበሽታ ስም አያወጣም፤ ድኻ ስለ ሆነ፥ ወላጅ ስለ ሌለው ወይም የትምህርቱ ቋንቋ የአፉ መፍቻ ስላልሆነ የዘገየውን ልጅ አእምሮው ጎደሎ ነው አይልም። ልጁ የሚችለውንም ነገር አብሮ ይጽፋል። በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘንድ ይህ ነገር ይገጥማል፤ ቋንቋ ያልለመደ ልጅ አእምሮ የጎደለው መስሎ ሊታይ፥ በእውነት እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ቋንቋ እስኪለምድ ነው እየተባለ ሊታለፍ ይችላል።

ሦስተኛው፥ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው፥ ልጆች «አልገባኝም» ማለትን እንዲማሩ ማድረግ ነው። በየክፍላችን መምህር ትምህርቱን ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹም ባንድ ድምፅ «ገባን!» ይላሉ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ያልገባው ልጅ ይደበቃል። ዝም ቢል ይታወቅበታልና ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ገባን» የሚለው እርሱ ሊሆን ይችላል። አዎን ማለት ከቍጣ እንደሚያድን፥ አልገባኝም ማለት ግን ሣቅና ኵርኵም እንደሚያመጣ ከተማረ፥ ይህን ትምህርት እስከ ፖሊስ ጣቢያ ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚደበቅበት የጓደኞች ድምፅ የለም፤ «አዎን» ያለው ቃል ተጽፎ ይፈረምበታል። ኧርል ዋሽንግተን ሊሞት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት የነበረው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ «ገባችሁ ወይ» በማለት ፈንታ «የነገርኩህን በራስህ ቃል መልሰህ ንገረኝ» ማለት፥ አልገባኝም ያለውንም ልጅ በሁሉ ፊት ማመስገን፥ የማስተማር ዘዴ ብቻ ሳይሆን ነፍስ የሚያድን ነገር ነው።

አራተኛው፥ መዝገቡን መጠበቅ ነው፤ ይህም ይልቁን የትምህርት ሹማምንትን የሚመለከት ነው። ትምህርት ቤት ሲዛወር፥ ርእሰ መምህር ሲለወጥ፥ ዝናብ ጣራውን ሲያፈስ የሚጠፋው ወረቀት አንድ ቀን የአንድ ሰው ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። የልጁ ምስጢር ለማንም ጠያቂ ሳይገለጥ፥ ሕግ በጠየቀ ጊዜ ግን ሳይጎድል እንዲገኝ ማድረግ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው። ከዚህም ጋር በየመምህራን ማሠልጠኛው ስለ እነዚህ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ለፖሊሶችም ቢደርስ፥ ብዙ ጠብ ሳይጀመር ይቀራል።

«እንግዲህ ጥፋተኛው ሁሉ በዚህ እያመካኘ ያምልጥ ወይ? የተበደለውስ ሰው ለማን ይጮኻል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ካየናቸው ነገሮች ውስጥ ይገኛል። ኧርል ዋሽንግተን በታሰረባቸው ዓመታት የተገደለችው ሴት ቤተ ሰብ ፍርድ አላገኘም፤ ገዳዩ ሌላ ነበርና። የቨርጂኒያ ሕግ የተበደለውን ሰው ሐሳብ ይጠይቃል እንጂ አይረሳውም። የአትኪንስም ውሳኔ ከሞት ቅጣት እንጂ ከፍርድ ነጻ አያወጣም። የሰውን ሁኔታ በትክክል ማወቅ ጥፋትን መደበቅ አይደለም፤ ቅጣቱ ለሚገባው በሚገባው መጠን እንዲደርስ፥ ለማይገባው እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

የዳኛ ሥልጣን ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ነገር ነው። ስለ እነዚህ ልጆች የሚቀርብለት ነገር የሚዘጋጀው ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሆነው፥ በአንድ ተራ ቀን፥ አንድ መምህር በኋለኛው ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ ቀርቦ በጠየቀው ጊዜ ነው። በመጪው ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ ያ ልጅ «አቤት» ይላል፤ መምህሩም በዚያ ቀን ስለ እርሱ አንድ እውነተኛ መስመር ቢጽፍ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።